«መሆን አለበት» በእንግሊዝኛ

አስተርጓሚዋ ሳሙና ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም። ሥራዋ ማሽን ሊጠግን ከውጭ በመጣው መሐንዲስና በሠራተኞቹ መካከል ቆሞ ማነጋገር ነው። መሐንዲሱ ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቅም። ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ሽቦ የሚለው ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ከ«ኖ ፕሮብሌም» ሌላ እንግሊዝኛ የለውም፤ እሱንም የሚለው ችግር ሲኖር ነው።

አንድ ጠዋት ትልቁ ማደባለቂያ ቆመ። ማደባለቂያው ሰው ተኝቶ የሚገባበት በርሜል ነው፤ ውስጡ የሰው ክንድ የሚያካክሉ ምላጮች አሉት። መሐንዲሱ ጆሮውን በመከላከያ ሸፍኖ፣ ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ፣ ሊገባ ሲል ወደ እሷ ዞረና ኃይሉ መጥፋቱን ጠይቂልኝ አላት።

«ጋሼ፣ ጠፍቷል ወይ ይላል!»

«ጠፍቶ መሆን አለበት!» አለ ጋሽ ሽቦ ከወዲያ ጥግ፣ በማሽኖቹ ጩኸት ላይ ጮኾ።

«መሆን አለበት»ን በምን ትተርጉመው? «መስት ቢ» ትበል? ትምህርት ቤት «መስት» ግዴታ ነው ሲሏት ነው የኖረችው፤ የቋንቋው ባለቤቶች ግን ለግምትም ይሉታል። «ሹድ ቢ» ብትልስ? እሱ ጥርጣሬ ጥርጣሬ ይላል። ሰውየው ግንባሩን ቋጥሮ ይጠብቃታል። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው እንዳይላት ፈራች፤ አፍ የሚሞላ ቃል አማራት።

«ደፊኒትሊ!» አለች፤ ያለ ጥርጥር ማለቷ ነው።

መሐንዲሱ አውራ ጣቱን አሳያትና በጠባቡ በር በደረቱ ተስቦ ገባ። ውጭ የቀሩት ቦት ጫማዎቹ ብቻ ናቸው።

ያኔ ያለችው ቃል ታወሳት። ማን ደፊኒትሊ አለ? ወደ ጋሽ ሽቦ ሮጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያጠፉት?»

«የማታ ፈረቃ አጥፍቶት ነው የሚሄደው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው።»

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«መሆን አለበት አልኩሽ እንጂ አየሁ መች አልኩሽ? ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ሰውየው እኮ ገብቷል!»

ፒንሳው ከእጁ ወደቀ። እሱ ወደ ማጥፊያው ሳጥን፣ እሷ ወደ ማሽኑ በረሩ። «ስቶፕ! ስቶፕ!» ብትል ጆሮውን የደፈነ ሰው ምን ይሰማል? ቦት ጫማዎቹን ጨምድዳ ጎተተች። ምላጮቹ አሁን የሚዞሩ፣ አሁን እግሮቹ ከእጇ የሚነጠቁ መሰላት። ዓይኗን ጨፍና ጎተተች።

መሐንዲሱ ሳሙና በሳሙና ሆኖ እየተራገመ ወጣ። ጋሽ ሽቦም ከሳጥኑ ተመለሰ።

«ኃይሉ በርቶ ነበር፤ አሁን አጠፋሁት» አለ። «አንድ ሰው ያቺን ማስነሻ ነካ ቢያደርጋት...»

እንዳለ ተረጎመችለት፤ አንድ ቃል ሳትጨምር። መሐንዲሱ እርግማኑን አቋርጦ ካርቶን ላይ ዘጭ አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው በይልኝ» አላት ጋሽ ሽቦ በቀስታ።

«የኔም ነው ጋሼ። ያላሉትን ጨምሬ ነው የነገርኩት።»

ይህንንም ለመሐንዲሱ ነገረችው። ጋሽ ሽቦ ማንም እንዳያበራው ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን መሐንዲሱ መዳፍ ላይ ሲያኖርለት፣ ሰውየው ቁልፉን አጥብቆ ጨበጠው።