እስከየት ድረስ ልክ ነበር

«ልጅህንስ? ከማን ጋር ላድርጋት?»

«ከኔ ጋር አይሁን። ለሱ ስጧት።»

«እንዴ! የገዛ ልጅህን?»

«ለሱ ስጧት አልኩህ እኮ። እሷ እንደሆነች...»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። እናቷ ከጓዳ ጠርታት ይሁን፣ የቧንቧው ውሃ ጮኾ ይሁን፣ ወይስ ራሷ መስማት ፈርታ ሸሽታ ይሁን፣ ዛሬ ብትጠየቅ በእርግጠኝነት አትናገርም። የምታስታውሰው ሻይ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ መቆሟን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምደባ የሚወጣበት ሰሞን ነበር። በረንዳው ላይ ሲነጋገሩ የነበሩት አባቷና የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ቀጭንና ነጣ ያሉ በመሆናቸው ተማሪው ሁሉ «ጠመኔ» የሚላቸው ሰውዬ።

ያቺን ግማሽ ወሬ ይዛ አደገች። ትርጉሟንም ራሷ ሰጠቻት፦ አባቴ ማስተማር እንደማይችል ያውቃል። ልጁን እንኳ ለራሱ አያምንም።

አሁን አባቷ አፈር ከለበሰ ወዲህ ሳሎኑ ከሰው ተለይቶ አያውቅም። ሶፋው ወደ ጥግ ተገፍቶ፣ በምትኩ የተማሪ ወንበሮች ተደርድረዋል። አባቷ ሒሳብ ሲያስተምርበት ከነበረው ከአሥራ ሁለተኛ «መ» ክፍል ልጆቹ ራሳቸው ተሸክመው ያመጧቸው፣ በቀኝ በኩል የመጻፊያ ጣውላ ያላቸው ወንበሮች ናቸው። ለቀስተኛው የሻይ ብርጭቆውን የሚያሳርፈው አንዱ ልጅ በብዕር «ሒሳብ ጠላቴ» ብሎ በጻፈበት ጣውላ ላይ ነው። የእናቷ ወንድም ሰፊ ሰው ስለሆነ፣ አንዴ ከገባበት ወንበር የሚያወጣው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ሆኖ ያወራል።

«እኔ የምላችሁ» አለ አጎቷ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ እየመሰለው፣ «መምህር መምህር ትላላችሁ። ልጁ ካለው አለው፤ ከሌለው የለውም። ነፍሱን ይማረውና ይኼ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ለፋ። መ ክፍል ከመጨረሻ ፈቀቅ አለ?»

«ታዲያ አንተ ለልጅህ አስጠኚ የቀጠርክለት ለምንድን ነው?» አለችው ጎረቤታቸው ነርሷ።

«እናቱ ናታ! እኔ መቼ ሰው ያዳምጠኛል?»

ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ደንግጠው ወደ እናቷ ዞሩ። እናቷ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ እሷም ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታው ሳይጠፋ እንባዋ ወረደ።

በሩ አጠገብ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ የአውቶቡስ ሹፌር ተቀምጧል። ከመጣ ጀምሮ አፉን አልከፈተም።

«እኔን አስተምሮኛል» አለ በድንገት።

«ጎበዝ! ተማሪው ነሃ» አለች ነርሷ። «አለፍክ?»

«ወደቅኩ። ደግሜ ተፈተንኩ፤ ደግሜ ወደቅኩ። በጥሩ መምህር ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ሐኪም ነበርኩ። እናንተም በኔ እጅ አልቃችሁ ነበር።»

አጎቷ «አላልኳችሁም?» ብሎ ወንበሩን አንጫጫው።

ሹፌሩ ግን አልጨረሰም። «ሁለተኛው ውጤት የመጣ ቀን ቤታችን መጣ። እኔ ተሸፋፍኜ ተኝቻለሁ። አባቴ ውጪ እየተሳደበ ነው። መምህሬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‹ተነስ፣ እስከየት ድረስ ልክ እንደነበርክ አብረን እንይ።› እኔ...» ኮፍያውን አንስቶ ፊቱ ላይ አደረገው። «ልክ የነበርኩበት ቦታ አለ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

እሷ፣ የሟቹ ትልቋ ልጅ፣ ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በዚያው ትምህርት ቤት እሷም የሒሳብ መምህርት ናት። ያንን አነጋገር ታውቀዋለች፤ በእሱ ውስጥ ነው ያደገችው። አባቷ ማታ ማታ የተማሪ ደብተር ሲያርም ስህተት ላይ ሰርዞ አያውቅም። ሥራውን ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ ይወርዳል፤ ልጁ መንገድ የሳተበት ጋ ሲደርስ፣ ከዚያ በፊት ባለችው ልክ መስመር መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ያኖራል። እስከዚህ ልክ ነህ ማለት ነው። የቀረውን ባዶ ይተወዋል።

«ስህተቱን ለምን አታሳያቸውም?» ብላው ነበር አንድ ጊዜ፣ እሷም መምህርት ከሆነች በኋላ።

«ስህተታቸውንማ ሲነገራቸው ነው ያደጉት» አላት ቀና ሳይል።

ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነው። ሁልጊዜ አንድ ተማሪ ከራሱ ሥራ የተበላሸውን መርጦ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ክፍሉ ነጥቧ የት እንደምታርፍ ይከራከራል። እስኪስማሙ ድረስ ማንም አያጠፋውም። አንዳንዴ ክፍለ ጊዜው በአንድ ጥያቄ ያልቃል። እሷ በግቢው ሌላ ጫፍ ባለው ሀ ክፍል በዚያው ሰዓት ስንቱን ጥያቄ አራግፋ ትወጣለች። ሀ ክፍል ተመርጠው የገቡ ልጆች ናቸው፤ ገና ሳትጨርስ ይጨርሱላታል። ውጤት ሲለጠፍ ሀ ከላይ፣ መ ከታች። በየዓመቱ። ሰዎች እጇን እየጨበጡ «ጎበዟ መምህርት» ሲሏት፣ እሱ ራቅ ብሎ የውጤት ሰሌዳው ሥር ከሚያለቅሱት ልጆች ጋር ይቆማል። ያን ቀን ከአባቷ ጋር ወደ ቤት ላለመሄድ በጓሮ በር ነበር የምትወጣው። ያውቅ ነበር ይሆን? ቤት ሲገናኙ «እንኳን ደስ አለሽ ልጄ» ይላትና መልሶ ጫማውን ያደርጋል። «ዛሬ የምደርስበት ቤት አለ።»

ብርጭቆ እያጠበች ሳለ ርዕሰ መምህሩ ጓዳው በር ላይ ብቅ አለ።

«እግዜር ያጽናሽ። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ፈተናው ደረሰ። የመ ልጆች ሌላ መምህር አንፈልግም ብለዋል። አንቺን ነው የጠየቁት።»

«እኔን?» ቧንቧውን ዘጋች። «የሀ ልጆችስ?»

«ለነሱ ሐሳብ አይግባሽ» አላት፣ ሊያጽናናት ፈልጎ። «ሀን ማንም ቢያስተምራቸው ያልፋሉ።»

እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ አጥብቃ ያዘችው። ሰውየው ምን እንዳለ አልገባውም፤ ፊቱ ላይ ሐዘኔታ ብቻ ነበር።

«አልችልም» አለች።

«አስቢበት። ካልሆነ ለአዲሱ መምህር እሰጣቸዋለሁ። ያው እንግዲህ...» እጁን ወደ ታች ለቀቀው። መ ክፍል ያው መ ክፍል ነው ማለቱ ነበር።

ሲሄድ፣ ባጠበችው ብርጭቆ ላይ ለብዙ ጊዜ ውሃ ስታፈስ ቆየች። ልጆቹን ብትወስድና ቢወድቁስ? መውደቃቸውም አይቀርም። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እሷም ራሷ የምታውቀው ነገር አለ፦ ያ ሁሉ ውጤት የሷ አልነበረም። ልጆቹ ይዘውት መጥተው ይዘውት የሄዱት ነው። ይህችን ሐሳብ ስንት ዓመት ሙሉ በሩን ዘግታ አስቀምጣታለች። ርዕሰ መምህሩ ሳያንኳኳ ገባባት።

ጠመኔ የመጡት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ሰው ሲሳሳ ነው። ዛሬ ፀጉራቸውም ነጥቷል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። የበረንዳውን ወንበር መረጡ፤ የድሮ ቦታቸውን። ሻይ አመጣችላቸውና አልተመለሰችም፤ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔን ለአሥራ ሁለተኛ ሲመድቡኝ፣ እዚህ ጋ ቁጭ ብላችሁ፣ አባዬ ‹ለሱ ስጧት› ብሎ ነበር፤ ለሌላው የሒሳብ መምህር።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ሰምተሽናል?»

«ግማሹን።»

«ወይ ጉድ! ግማሹን ብቻ ይዘሽ ነው እስከዛሬ?»

«‹እሷ እንደሆነች› አለ። ምን ብሎ ጨረሰው?»

ጠመኔ ወደ አጥሩ ዞሩ። «‹እሷ እንደሆነች ማንም ቢያስተምራት ታልፋለች› ነው ያለኝ። ‹እኔ ጋ ያለውን ወንበር ለማያልፈው ስጡልኝ።› ደግሞ የዚያን ዓመት ሀን ለራሱ ልሰጠው ነበር እኮ የመጣሁት! ደክሟል፣ አንድ ዓመት እንኳ ስሙ ከላይ ይጻፍለት ብዬ። እንዴት ተቆጣኝ መሰለሽ። ‹ልጆቹን ቀድማችሁ መርጣችሁ፣ መምህሩን በኋላ ትሸልማላችሁ› አለኝ። ምን ልመልስለት? እውነቱን ነው።»

እንዲህ ያለውን ብሰማ ደስ ይለኛል ብላ ታስብ ነበር። የመጣው ግን ደስታ አልነበረም።

«እኔስ ጋሼ?» ድምፏ እንደ ልጅ ቀጠነ። «እኔ ማለፍ ብቻ ነበር እንዴ የምፈልገው? የሰው ልጅ ሁሉ በሱ እጅ ሲያልፍ፣ እኔ አንድ ቀን እፊቱ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ልጁ እኮ ነኝ!»

«ልክ ነሽ።»

መከራከሪያ ጠብቃ ነበር። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ሁለት ጉልበታቸው መሃል አቁመው እጃቸውን ጫፉ ላይ አደራረቡ።

«እሱም ቆይቶ ገብቶታል» አሉ። «ከታመመ በኋላ አንድ ቀን እዚህ ተቀምጠን፣ አንቺ በዚያ በር ስትገቢ አየሽና፣ ‹የስንቱን ልጅ ስህተት አይቻለሁ፤ ልጄ ግን አንድም ቀን ስህተቷን አሳይታኝ አታውቅም› አለኝ። ቅሬታ አልነበረም። እንደጎደለበት ሰው ነው ያለው።»

እሷ እንባዋን ሳትጠርገው ቆየች። ጠመኔም የማጽናኛ ቃል አልፈለጉም፤ ከንፈራቸው ብቻ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን የቆየ ልማድ አይታወቅም። ሻያቸው በረደ።

ሐዘኑ ሲነሳ የመ ልጆች ወንበሮቻቸውን ሊወስዱ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ እየተገፋፉ፣ «ቀስ በል፣ ሐዘን ቤት ነው!» እየተባባሉ። አጎቷ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሲጎተት ዝምታቸውን ለመጠበቅ ጉንጫቸውን ነከሱ።

«ሳቁ ሳቁ» አላቸው አጎቷ። «ይኼ ወንበር ለጎበዝ የተሠራ አይደለም፤ ሲያጣብብ!»

ወንበሯን ያነሳችው ረጅሟ ልጅ ግን አልሳቀችም። ትልቋ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ቲቸር፣ ሰሌዳውን አላጠፋነውም።»

«የምኑን ሰሌዳ?»

«የመጨረሻውን ቀን። የኔን ስህተት ነበር የጻፍነው። ነጥቧ ጋ ሳንደርስ ተደወለ። እሳቸው ‹ነገ› ብለውን ወጡ።» ልጅቷ ወንበሩን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አዲሱ መምህር ሊያጠፋው ሲል አትንካ ብለነው ተቆጣ። ግማሾቻችን እስከ ሁለተኛው መስመር ልክ ናት ይላሉ፣ ግማሾቻችን እስከ ሦስተኛው።»

ትልቋ እናቷን ዞር ብላ አየቻት። እናቷ ባዶውን ወለል እየጠረገች ነበር። «ሂጂ» አለቻት፣ መጥረጊያዋን ሳታቆም። «እሱ ቢሆን ይኼኔ ጫማውን አድርጓል።»

አንድ ወንበር ተሸክማ ከልጆቹ ኋላ ሄደች። መ ክፍል ከግቢው መጨረሻ፣ ከመጋዘኑ ጎን ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ስትሠራ ኖራ የክፍሉን ደፍ አልፋ አታውቅም። ልጆቹ ወንበሮቹን በየቦታቸው ሲመልሱ፣ እሷም የያዘችውን ከኋላ ረድፍ አኑራ ተቀመጠችበት። ሰሌዳው ላይ የልጅ እጅ ጽሑፍ፦ ከላይ እኩልታው፣ ከሥሩ ሌላ መስመር፣ ከሥሩ የተፈታው ቅንፍ፣ ከሥሩ ሌላ። ጥግ ላይ ቀኑ በአባቷ እጅ ተጽፏል።

ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቷት ኖሮ በሩ ላይ መጣ። ከኋላ ረድፍ ሲያገኛት ግራ ተጋባ።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሀን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ» አለች። «ማንም ቢያስተምራቸው ያልፋሉ።»

«እነዚህ ግን... ታውቂያለሽ። በዚህ በቀረን ጊዜ...»

«ብዙዎቹ ሊወድቁ ይችላሉ። አውቃለሁ።» ልጆቹም ያውቃሉ። «ነገ ጠዋት እጀምራለሁ።»

ተነስታ በወንበሮቹ መሃል ወደ ፊት ሄደች። ረጅሟ ልጅ ቁራጭ ጠመኔ አቀበለቻት። ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ የመጀመሪያውን መስመር፣ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛው ላይ፣ ቅንፉ ሲፈታ ምልክቱ ሳይቀየር የቀረበት ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ተመልሳ አንድ መስመር ወጣች።

«ሁለተኛው ነው አላልኳችሁም!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዝም በል እስቲ» አሉት።

በሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ አኖረች።