የቱዳ ማሳ ውስጥ የገባችው ላም

በእኛ መንደር ሽለታ በወንፈል ነው። በጋው ሲቃረብና በጎቹ ጸጉራቸው ሲከብዳቸው ወንዶቹ መቀሳቸውን ይዘው ዛሬ አንዱ ቤት፣ ነገ ሌላው ቤት ይዞራሉ። የዚያን ቀን ተራው የላይኛው ሰፈር ስለነበር ታች የቀሩት ሴቶችና ከብቶች ብቻ ናቸው።

ቱዳ በማለዳ አልፋልፋዋን ልታጭድ ወጣች። በረዶ ሲጥል ከብቶቿ የሚበሉት ይህንኑ አድርቃ የምታስቀምጠውን ነው። ማሳዋ ዳር ስትደርስ ግን የጎረቤቷ የባሱ ቀይ ላም መሀል ገብታ ቆማለች። በሁለቱ ማሳ መካከል የነበረው ካብ በዝናብ ከተናደ ሰንብቷል። የባሱ ወሰን ነውና መካቡ የእሱ ፈንታ ነበር፤ ቱዳ በጠየቀችው ቁጥር ግን «ነገ» ይላታል።

«ይኸው የባሱ ነገ» አለችና ድንጋይ አንስታ ገሰገሰች።

ላሚቱ አልሸሸችም። አንገቷን ዘርግታ ታቃስታለች፤ ለሃጯ ይዝረበረባል። የግራ ሽንጧ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ቱዳ ድንጋዩን ጣለችው። ጤዛ ያልለቀቀው አልፋልፋ በባዶ ሆድ ሲበላ ከብት እንዴት እንደሚገድል አባቷ ቤት ሳለች አይታለች።

ባሱ ሽለታ ላይ ነው። ሚስቱ ልትወልድ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ቤት ያሉት እናቱ እማማ ኢጃ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውና ቱዳ ደግሞ አይዋደዱም። ቱዳ ኮረዳ ሳለች እማማ ኢጃ ለባሱ ሽማግሌ ልከውባት፣ «እኔ የምፈልገው አሱ የሚባለውን ልጅ ነው» ብላ መልሳቸዋለች። ከዚያ ወዲህ፣ እሷ አሱን አግብታ ወልዳ ልጅ እስክትድር ድረስ፣ አሮጊቷ ደጇን ረግጠው አያውቁም።

ላሟን በገመድ እየጎተተች ባሱ ደጅ ደረሰች።

«እማማ ኢጃ፣ የወይራ ዘይት ያምጡልኝ። ላማችሁ ተነፍታለች።»

አሮጊቷ ከተቀመጡበት አልተነሱም። «ማን ምን አበላት?»

«ራሷ ናት የበላችው። ከኔ ማሳ።»

«ካንቺ ማሳ? እንግዲያ የነፋት ዓይንሽ ነው።»

«ዓይኔ ይሁን። ብቻ ዘይቱን ያምጡና ከዚያ ይሰድቡኛል።»

እማማ ኢጃ ቀና ብለው የላሟን ጎን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡና ዘይቱን በገንቦ አመጡ። ቱዳ የላሟን ፊት ወደ ዳገቱ አዞረች፤ የፊት እግሮቿ ከፍ እንዲሉ። እማማ ኢጃ ራሷን ያዙላት፣ ቱዳ ዘይቱን እንዳያንቃት ቀስ እያለች በአፏ ጥግ አንቆረቆረችው።

«አሁን ምርኩዝዎን ይስጡኝ። እንደ ልጓም አፏ ውስጥ አስረዋለሁ። ስታኝከው ታገሳለች፤ ነፋሱም ይወጣላታል።»

«እኔስ በምን ልቆም?»

«እሷን ተደግፈው ይቁሙ።»

አሮጊቷ እያጉረመረሙ ሰጧት። ቱዳ ምርኩዙን በላሟ አፍ አጋድማ ከቀንዷ ጋር አስራ፣ የተነፋውን ሽንጥ በሁለት እጇ ታሸው ጀመር። እማማ ኢጃ በላሟ ጀርባ ላይ ተደግፈው ያይዋታል።

«ጉልበት አለሽ» አሉ ቆይተው። «ያኔም ያስጠየቅኩሽ ለጉልበትሽ ብዬ ነው። ለመልክሽማ አልነበረም።»

«ገብቶኛል እማማ።»

«ለመሆኑ አሱ ከልጄ በምን በልጦ ነው?»

ቱዳ ማሸቷን ሳታቆም «ካብ ይክባል» አለች።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ላሟ ጀርባ ደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ቱዳ አስለቀስኳቸው ብላ ደነገጠች። ዞር ብላ ስታይ እየሳቁ ነው።

ሳቁ ሳያባራ ላሚቱ በፊት ጉልበቷ ተንበረከከች። ከተኛች አለቀላት። ቱዳ ገመዱን ወደ ላይ ጎተተች፤ እማማ ኢጃም መሬት ተቀምጠው ትከሻቸውን ከደረቷ ስር አስገቡ።

«ተነሺ ቀዮ፣ ተነሺ እናቴ» ይሏታል ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «የሚመጣውን ልጅ በምን ላሳድገው ነው?»

ላሟ ተንገዳግዳ ቆመች። ጥቂት ምርኩዙን አላመጠችና ረጅም፣ የሚከረፋ ግሳት አገሳች። ቱዳ አፍንጫዋን ያዘች። እማማ ኢጃ ግን ሽቶ እንደ ሸተታቸው ሁሉ «ድገሚው ልጄ» አሉ። ደገመችው። እኩለ ቀን ከመሆኑ በፊት ሽንጧ ሟሸሸ፤ ላሚቱም ጥላ ስር ሄዳ ቆመች። የቱዳ እጅ ዝሎ ስለነበር የቀረበላትን አሬራ እንኳ እማማ ኢጃ ናቸው ያጠጧት።

ማታ ባሱ ሲመለስ እናቱ ራት ከማቅረባቸው በፊት ያነሱት የካቡን ነገር ነበር። በማግስቱ ማለዳ ድንጋይ ሲያጋጭ መንደሩ ሁሉ ሰማው። በላሚቱ የተረገጠውን አልፋልፋም ሳትጠይቀው አጭዶ ከመረላት።

ሽለታው ቱዳ ቤት የደረሰ ዕለት ወንዶቹ ግቢው ውስጥ በጎቹን ጥለው እየሸለቱ፣ እሷም ዳቦ እየጋገረች ሳለ እማማ ኢጃ በሩን አልፈው ገቡ። ሥራው ለአፍታ ቆመ። አሮጊቷ ማንንም ሳያዩ ከሱፉ ክምር አጠገብ ተቀመጡ፤ አንድ እፍኝ አንስተው በጣታቸው ፈተሹት።

«ሻካራ ነው» አሉ። «በጎችሽን ምን ብታበያቸው ነው?»

«አልፋልፋ ነበረ፤ አንዲት ላም ቀደመቻቸው።»

እማማ ኢጃ እጃቸውን ዘረጉ። «በይ የሱፍ ማበጠሪያሽን አምጪ። ሥራ ፈትቼ ልቀመጥ አልመጣሁም።»

ቱዳ ማበጠሪያውን አቀበለቻቸውና ዳቦዋ ሳያርርባት ወደ ምድጃው ተመለሰች።