የሙሽራ ጀልባ በተራዬ ውሃ

ኡበይድ ልጁን ዒምራንን ሲድር ሙሽራዋን በጀልባ ላምጣ አለ። ባሕር የለን፣ ሐይቅ የለን፤ ያለን ከግድቡ ወርዶ እርሻችንን የሚያጠጣ አንድ የሲሚንቶ ቦይ ነው። ሰውየው ግን ቆቦ ላይ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ያላማረው ነገር የለም። ባሕር ዳር ሄዶ ጀልባ አይቶ ተመለሰና ብየዳ ቤት ገብቶ ለቦዩ የሚሆን ጠባብ የላሜራ ጀልባ አሠራ። የከብት ማጠጫ ገንዳ ቀለም ቀቡት ብትሉኝ አምናለሁ።

ጀልባ እንዲሄድ ቦዩ መሙላት አለበት። ቦዩ እንዲሞላ ደግሞ ሰው የማሳውን መዝጊያ ዘግቶ ይዋል ነው ነገሩ። ሠርጉ ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ የውሃው ተራ የእኔ ነው። ሽንኩርቴ ራስ መያዝ ጀምሯል። ያን ተራ ካጣ፣ ወረፋው ዞሮ እስኪመጣ በእኛ ፀሐይና ንፋስ ክር ሆኖ ይቀራል።

ኡበይድ ራሱ መጥቶ ይለምነኛል ብዬ ጠበቅሁ። ድሮ እህቱን ራዊያን ላግባ ብዬ ሽማግሌ ስልክ፣ ስድስተኛ ክፍል የወደቀ ለእኛ አይሆንም ብሎ ደጅ አቁሞ የመለሳቸው ሰው ነው። እሱ የደረሰው ሰባተኛ ነው። አሁንም አልመጣም። የላከብኝ የውሃ አባታችንን፣ ተራ የሚያከፋፍሉትን አያ ሙሀመድሰይድን ነው። ሙሽራዋ ማሳህን እስክታልፍ መዝጊያህን አትክፈት አሉኝ፤ እያፈሩ። ደግሞም ኡበይድ አክብሮህ ከሙሽሮቹ ጋር ተሳፈር ብሏል አሉ።

አክብሮህ የምትለዋ ቃል አታለለችኝ። የዒድ ሽርጤን አሸርጬ ሄድኩ።

ከግድቡ ሥር ተነሣን። ሁለት ሚዜ ከፊት፣ ዒምራንና ሙሽራዋ ፈሪሀ ከመሀል፣ እኔ ከኋላ። ኡበይድ ለአዲስ ጫማው እየሳሳ፣ ከአያ ሙሀመድሰይድና ከአጃቢው ጋር በቦዩ ጠርዝ ይከተለናል። በሙሽሮቹ ራስ ላይ ነጭ ሸራ ወጥረዋል፤ ለስልክ እንዲያምር ነው። የራያ ንፋስ መቼ ስልክ ያውቃል? ከአፋር በኩል አቧራውን ተሸክሞ መጣና ሸራውን ነፋው። ጀልባዋ ተንጋዳ ከቦዩ ግድግዳ ተለጠፈች። ላሜራው ሲሚንቶውን ሲፍቀው ጥርስ ያነቅላል። ሚዜዎቹ በዘንግ ይገፋሉ፣ ንፋሱ ይመልሳቸዋል። እንዲህ እየተጋጨን፣ እየተፋቅን፣ የእኔ ማሳ ጋ ስንደርስ ጭራሽ ቆምን። ፀሐይ አዘቅዝቋል። ሲመሽ ውሃው ወደ ጎረቤቴ ወደ አላምረው ተራ ይዞራል፤ የእኔ ቀን አለቀ ማለት ነው።

ሸራውን አውርዱትና እንለፍ አልኳቸው። ዒምራን ዞሮ እንኳ አላየኝም።

«አያ ይመር፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ። ዛሬ መዝጊያህ ጋ እንዳትውል ነው ያሳፈርንህ» አለኝ።

ሚዜዎቹ ሳቁ። ፈሪሀ አልሳቀችም፤ ንፋሱ የሚነጥቃትን ሻሽ በጥርሷ ነክሳ ያዘች።

ሽርጤን ሰብስቤ ወረድኩ። ውሃው ጭኔ ደረሰ። ወጥቼ መዝጊያዬን በሁለት እጄ ወደ ላይ ሳብኩት። ውሃው ወደ ሽንኩርቴ ዞረ፤ ጀልባዋም ቀስ እያለች ወርዳ ደለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ኡበይድ እየሮጠ መጣ።

«ዝጋው» አለኝ። እባክህ የለ፣ ወንድሜ የለ።

«ተራው የማነው?»

«ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«ተራው የማነው ነው ያልኩህ።»

ይፍረዱልኝ ብሎ ኋላ ወደ ቀሩት ወደ አያ ሙሀመድሰይድ ዞረ። ሽማግሌው ደርሰው አቧራውን ከጢማቸው አራገፉና ቦዩንም፣ ማሳዬንም አዩ።

«የይመር ነው» አሉ። «እስክታልፍ ጠብቅ አልነው፤ ጠበቀ። እንግዲህ ንፋሱን ክሰስ።»

ፈሪሀ ጫማዋን አውልቃ ከጀልባዋ ወጣች። «ባጃጅ ይሻላል ብዬህ አልነበር?» አለችው ባሏን። ቀሚሷን ሰብስባ በቦዩ ጠርዝ ወደ መንደሩ ቀደመች፤ እነዚያ ሁሉ ወንዶች እንደ በግ ተከተሏት። ከዚያ ቤት ሰው የምትባል እሷ ብቻ ናት፤ ገና ስላልገባች ነው።

ኡበይድ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ብቻውን አያወጣውም። አግዘኝ ማለት ፈልጎ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አላለም። እኔም ቆሜ አልጠበቅኩትም። ውሃው የመጀመሪያውን መደብ ሞልቶ ስለነበር አካፋዬን አንሥቼ ሁለተኛውን ልከፍት ሄድኩ።