ጫፉ የሚዋሽ ካሊፐር

"መርፌውን ገና እንዳትወጋት" አለች የሕክምና ክፍሉን በር በክርኗ ገፍታ። በአንድ እጇ በሁለት ጫፎቹ መሀል ወርድ የሚለካውን ካሊፐር፣ በሌላው ትንሽ ብልቃጥ ይዛለች። ብልቃጡ ውስጥ ከሦስት ወር በፊት የተነቀለው የእህቷ መንጋጋ ጥርስ አለ።

እህቷ ደረቷ ላይ ወረቀት ታስሮላት ወንበሩ ላይ ተንጋላለች። ወጣቱ ሐኪም መርፌውን አስቀመጠ። ለክሊኒኩ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራውን ይህችን ሴት ሁሉም "ሚሊሜትር" ይላታል፤ ያለ ምክንያት በር ገፍታ አትገባም።

ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። ጥርሱ ሳይነቀል በፊት አዲሱ ማሽን፣ መንጋጋን ዙሪያውን አንሥቶ ስክሪን ላይ የሚያዞረው ራጅ፣ ወርዱን አሥር ነጥብ ስድስት ሚሊሜትር ብሎታል። እሷ ዛሬ ጠዋት በእጇ ይዛ ሦስት ጊዜ ለካችው፤ ሦስቴም አሥር ነጥብ አንድ። አሁን አዲሱን ጥርስ የሚይዘው ብሎን የሚገባበትን አጥንት የለካውም ያው ማሽን ነው። ከአጥንቱ በታች ደግሞ የከንፈር ነርቭ ያልፋል።

"እዚህ ግማሽ ከጨመረ እዚያ ስንት እንደሚጨምር በምን አውቃለሁ? ከንፈሯ ደንዝዞ ቢቀርስ?"

"ጥርሱ ደርቆ አንሶ ይሆናል" አለ ሐኪሙ፣ ራሱም ብዙ ሳያምንበት።

"ጥርስ እኮ ነው ዶክተር፣ ቲማቲም አይደለም።"

እህቷ ሳቀች። "ተስማሙና ንገሩኝ፤ አፌን ከፍቼ ልጠብቅ ወይስ ዘግቼ?"

ሚሊሜትር ማሽኑን ከመጣበት ቀን ጀምሮ አላመነችውም። ሳይነካ የሚለካ ነገር ደስ አይላትም። በዚህ ወር ሁለት የጥርስ ሽፋኖች ወርዳቸው በዝቶ፣ በጥርሶቹ መሀል አልገባ ብለው ሲመለሱባት እንኳ ጥፋቱን የጣለችው በሐኪሙ የጥርስ ቅርጽ አወሳሰድ ላይ ነው።

ሐኪሙ ከመሳቢያ አንድ መሰርሰሪያ አውጥቶ አቀበላት። እግሩ ላይ የውፍረቱ ልክ "4" ተቀርጿል።

"እስቲ ይሄን ይለኩልኝ።"

ለካችው። ሦስት ተኩል።

"ፋብሪካውም ተሳስቷል ልበል?" አለች፤ ድምፅዋ ግን ወርዶ ነበር።

ካሊፐሩን ዘጋችው። ዜሮ ላይ ገጠመ፤ በየጠዋቱ ሥራ ሳትጀምር የምታየው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ጫፎቹን አየች። ሥራቸው ላይ ቢገጥሙም በጫፋቸው መሀል ክር የምታህል ብርሃን ታልፋለች። ከሁለት ወር በፊት በጠባቦቹ የጀሶ ጥርሶች መሀል አልገባ ሲላት፣ ጫፎቹን ከውስጥ በኩል በሞረድ ያሳሳቻቸው ራሷ ነበረች።

"ሞርጄዋለሁ" አለች።

ሐኪሙ አልሳቀም። የራሱን ካሊፐር ሰጣት። ጥርሱን ከብልቃጡ አውጥታ ለካች፤ አዙራ ደግማ ለካች።

"አሥር ነጥብ ስድስት።"

"ልቀጥል?"

"ቀጥል። ማሽንህን ወድጄው ግን እንዳይመስልህ።"

ወደ ሥራ ክፍሏ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ሊላኩ የታሸጉትን ሦስት ሽፋኖች ፈታ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች። የተመለሱት ሁለቱ መደርደሪያው ላይ ነበሩ፤ ሣጥኖቻቸው ላይ በራሷ እጅ ጽሑፍ "የሐኪሙ ስህተት" ይላል። እስክሪብቶ አነሣችና "የሐኪሙ" የሚለውን ሰርዛ፣ ከላዩ "የእኔ" ብላ ጻፈች።