ብራክስተን ድምፅ የለውም

…ድምፅ የለውም ነው ያለው ወይስ ጆሮዬ ነው፣ ቆይ ይድገመው፣ ሃርላን በናትህ ድገመው፣ አንተ ቀርፋፋ ሽማግሌ ዛሬ እንኳ ፈጠን በል፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በክራቫቱ ጠረገ፣ መልሶ ሰካ፣ የሊግ ኮሚሽነር ሆኖ እንዲህ የሚንቀራፈፍ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ከሊጉ ለመውጣት በጽሑፍ ያስታወቀ አባል ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያው ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በሊጉ ጉባኤ ድምፅ የመስጠት መብት አይኖረውም፣ ይላል፣ ደገመው፣ ስለዚህ ብራክስተን ስቴት ዛሬ ድምፅ አይሰጥም፣ ይላል፣ ከዚያ ውሃውን ፉት፣ የአየር ሁኔታ አንብቦ እንደጨረሰ ሰው።

ከተሰበሰብንበት የአየር ማረፊያ ሆቴል ውጭ አውሮፕላን ያርፋል።

ሮላንድ ተረጋጋ፣ አንተ የኤልክ ፎርክ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዲሬክተር ነህ፣ ትልቅ ሰው ነህ፣ ከፕሬዚዳንትህ ጀርባ ተቀምጠህ እስክሪብቶ አታኝክ፣ ዶክተር ኦይለር አልዞሩም፣ ከዚህ የሚታየኝ ማጅራታቸው ብቻ ነው፣ ማጅራታቸው ግን ቀልቷል፣ ሲደሰቱ ነው ወይስ ሲፈሩ የሚቀሉት፣ ይህን ያህል ዘመን አብሬያቸው ሠርቼ ይህቺን አለማወቄ ይገርማል።

ሊንድሌስ? የብራክስተኑ ፕሬዚዳንት፣ ያ ጥርሱ ሁሉ አንድ ልክ የሆነ ሰውዬ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቋል፣ ምሳ ላይ እንዲህ አልነበረማ፣ ምሳ ላይ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ የመውጫ ማስታወቂያውን ቅጂ እንደ ሠርግ ጥሪ ሲያድል ነበር፣ ወይ የገንዘብ ክፍፍሉ ይቀየራል ወይ ብራክስተን ከሊጉ ይወጣል፣ ለጋዜጠኞችም ልኬዋለሁ፣ እያለ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሳህኔ ላይ ያለውን የሥጋና የቦሎቄ ወጥ አየና፣ ሮላንድ፣ ቺሊን በቀረፋ ዳቦ የምትበሉ እናንተ ብቻ ናችሁ፣ አለኝ፣ ሳቀ፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ፣ ያ የነፃ ትግል ቡድናችሁ ጎበዝ ነው ይሉኛል፣ ግን እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ማን ያየዋል? ዳቦዬን መልሼ አስቀመጥኩት፣ ከየት ሰማ ብዬ፣ ምንም አልሰማም፣ እንዲሁ በደመ ነፍስ ነው የወጋኝ፣ አንዳንድ ሰው ቁስልህ ያለበትን ሳያውቅ ያገኘዋል።

ዛሬ ክፍፍሉ ከተቀየረ የነፃ ትግሉ ቡድን ይዘጋል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም፣ ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፣ እኔ፣ ዶክተር ኦይለር፣ እና አሠልጣኙ ቨርጂል፣ መከር ላይ ቢሮዬን ዘግተን ነው የተነጋገርነው፣ ሌላ የሚዘጋ ነገር የለም፣ ፉትቦሉ አይነካም፣ ያ በብብት ሥር ታቅፈነው የምንሮጠው እንቁላል ኳስ የሁሉንም ጓዳ የሚሞላው እሱ ነው፣ እኛ ራሳችን በፉትቦል ማንንም አናሸንፍም፣ እኛ የምናሸንፈው በትግል ነው፣ እርሻ ላይ ያደጉ ልጆች፣ ጆሮአቸው በምንጣፍ ተፈትጎ የተጨማደደ፣ ሲጨብጡህ ጣትህን የሚያደቁ፣ ግን ለትግል ትኬት የሚገዛው እናትና አባት ብቻ ነው፣ ጫማቸውንም አውቶቡሳቸውንም የሚችለው ከብሔራዊው የፉትቦል ማጠቃለያ ውድድር የሚመጣው ድርሻ ነው።

ያ ማጠቃለያ ውድድር፣ እግዜር ይይለት፣ ድሮ አራት ቡድን ነበር የሚገባው፣ እኛን የመሰለ ሊግ በመስኮት ነበር የሚያየው፣ ከዚያ አሥራ ሁለት አደረጉት፣ አሁን ደግሞ ይስፋ አይስፋ እያሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ትልልቆቹ ሊጎች ሙዳውን ይወስዱታል፣ ለእኛ ቅንጥብጣቢው፣ ቅንጥብጣቢውን ደግሞ አሥሩ ዩኒቨርሲቲዎች እኩል እንካፈላለን፣ ዘንድሮ ብራክስተን የሊጋችን ሻምፒዮን ሆኖ ገባ፣ እሰይ፣ አጨበጨብን፣ እኔም ሳሎኔ ውስጥ ቆሜ ጮኬለታለሁ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ እንደ እህል ተወቅቶ ተመለሰ፣ ተመልሶ ምን ይላል፣ እኔ ነኝ ያደረስኳችሁ፣ ግማሹ የእኔ ነው። በውጤት ላይ የተመሠረተ የክፍፍል ቀመር። ስሙ ሲያምር! ሆዳምነት ክራቫት ሲያስር ይኸው ነው፣ እሺ፣ የተወቁት የእነሱ ልጆች ናቸው፣ ትንሽ ጨመር ቢደረግላቸው አልቀየምም ነበር፣ ግማሽ ግን፣ ግማሽ! ደግሞ ሻምፒዮን የሆነው ማንን አሸንፎ ነው፣ እኛን አይደል፣ ያለ እኛ ብቻውን ሜዳ ላይ ሊሮጥ ነው እንዴ?

የብራክስተን ጠበቃ ተነሳ። ክቡር ኮሚሽነር፣ ማስታወቂያው እኮ እንደ ማሳሰቢያ የሚታይ ነው፣ ክፍፍሉ ካልተቀየረ ብቻ ነው የምንወጣው፣ ይላል፣ ሃርላን ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ እንጃ ልጄ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው የማይሻርና ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ነው፣ ይላል፣ ፊርማም አለው፣ የጻፋችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ፣ ሊንድሌ ጠበቃውን ያያል፣ ጠበቃው ወረቀቱን ያያል፣ ወይ ጉድ፣ ገባኝ፣ ጋዜጠኞቹ ማስፈራሪያ ነው እንዳይሉት፣ የምር እንዲመስል ብለው ነው የማይሻር ያሉት፣ እና የምር ሆነ።

በእኛ ሥራ ሁሉም እወጣለሁ ይላል፣ እኔም ብያለሁ፣ ግን በወሬ ነው የሚባለው፣ አንድ ጋዜጠኛ ጆሮ ላይ ሹክ ትላለህ፣ ስሜን እንዳትጠቅስ ትላለህ፣ በማግሥቱ ኧረ እኔ አላልኩም ትላለህ፣ የሚቀበለው ሌላ ሊግ በሩን ሳይከፍትለት በወረቀት ፈርሞ የሚሰጥ ማን አለ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ፣ ደግሞ ያን አንቀጽ ማን ሆነና ያስገባው፣ ራሱ ብራክስተን! ቲልደን ኮሌጅ ጥሎን የሄደ ጊዜ፣ ሊሄድ የተነሳ ሰው በሚቀረው ሰው ጉዳይ ምን አገባው ብለው፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ ያስጸደቁት እነሱ፣ ሊንድሌ ያኔ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ፣ እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ፣ ግን ጭራሽ ረስቼዋለሁ፣ ሁላችንም ረስተነዋል፣ ከዚህ ከቀርፋፋው በቀር። ሃርላን ይቅር በለኝ፣ እንደ ልብህ ተንቀራፈፍ።

ቆይ፣ አትሳቅ፣ ገና ነው። ክፍፍሉን ለመቀየር ስምንት ድምፅ ያስፈልጋል፣ ብራክስተን ስምንተኛው ነበር፣ ሰባቱ ግን አሁንም አሉ፣ እንቢ የምንለው እኛና ሴንት ብሬንደን ብቻ ነን፣ ሴንት ብሬንደን ከዞሩ ስምንት ሞላ፣ አለቀልን፣ ፕሬዚዳንቱ አባ ኪሊያን ቃል ሰጥተውኛል፣ ግን ምሳ ላይ ሊንድሌ አጠገባቸው ተቀምጦ በጆሮአቸው ሲያወራ፣ አባ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙት ነበር፣ መነቅነቅ ምንድን ነው፣ እሺ ነው? የንስሐ አባት ለሰማው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሥራው ነው።

በፊደል ተራ እየተጠራ ነው። አዎ። አዎ። ብራክስተንን ዘለለው፣ እንዴት ደስ ይላል ሲዘለል። አዎ። ኤልክ ፎርክ፣ አይሆንም፣ አሉ ዶክተር ኦይለር፣ ድምፃቸው ቅልብጭ ያለ፣ እናት ነኝ ያለች ሴት እንደምትለው አይሆንም፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ፣ እነዚህ ሰዎች ጠልተውን አይደለም፣ ፈርተው ነው፣ ብራክስተን ከሄደ ሊጉ ይሞታል ብለው፣ ሴንት ብሬንደን፣ አለ ሃርላን፣ አባ ኪሊያን ተነሱ፣ ለምን ተነሱ፣ ማንም እኮ አልተነሳም፣ አባ ይቀመጡና ይናገሩ፣ ዶክተር ሊንድሌ ምሳ ላይ በሰፊው አስረድተውኛል፣ አሉ፣ አሳማኝ ሰው ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር አሳምነውኝም ነበር፣ ወይኔ፣ ወይኔ ቨርጂል፣ ወረቀታቸውን እስካነብ ድረስ፣ እወጣለሁ ብሎ ፈርሞ ድርሻዬን ጨምሩልኝ የሚል ሰው ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፣ አይሆንም፣ አሉና ተቀመጡ።

አይሆንም አሉ።

የመጨረሻው ተጠሪ አዎ ይበል፣ እንደፈለገ ይበል፣ ሰባት ለሁለት፣ ስምንት አልሞላም፣ ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል፣ ሃርላን በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን አንዴ ኳ አደረገ፣ እና በቃ፣ በዚያች ኳ፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳ፣ እፎይ፣ እፎይ፣ ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ለካ እውነት ነው፣ ስተነፍስ ድምፄ ተሰማ መሰለኝ ከጎኔ ያለው ሰው ዞረ፣ ዶክተር ኦይለርም አሁን ዞሩ፣ ፊታቸው ቲማቲም ነው፣ ሲደሰቱ ነው የሚቀሉት! ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን እየያዙ ነው።

ሊንድሌ ማስታወቂያዬን እስባለሁ ይላል፣ ድምፁ ቀጥኗል፣ መልካም፣ ይላል ሃርላን፣ ለመሳብ የዘጠኙም ስምምነት ያስፈልጋል፣ አዎ ሲሉ የነበሩት ሰባቱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፣ ብራክስተን ቢሄድ ድርሻው ለማን እንደሚሆን ማሰብ የጀመሩ ይመስለኛል፣ አይ የሰው ልጅ! ያኔ ዶክተር ኦይለር፣ እኛ በበኩላችን ብራክስተን ቢቀር ደስ ይለናል፣ እንደ ወትሮው፣ እኩል ተካፍለን፣ አሉት፣ በፈገግታ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፣ ሊንድሌ አቀረቀረ፣ እናመሰግናለን አለ፣ አሳዘነኝ እንዴ? ትንሽ። በጣም ትንሽ፣ ለደቂቃ ያህል ብቻ።

ኮሪደር። በረዶ የሚሠራው ማሽን አጠገብ ቆሜ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ርቦኛል ደግሞ፣ እንዴት ነው የራበኝ፣ ያን ዳቦ ምነው በጨረስኩት፣ ስልኬ የታለ፣ ቨርጂል አንሳ፣ አንሳ እንጂ፣ ልምምድ ላይ ነው፣ ሮላንድ፣ አለ፣ ከኋላው ምንጣፉ ድብ ድብ ይላል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ቨርጂል፣ እላለሁ፣ ሌላ ቃል እንቢ አለኝ፣ አፌ ይከፈታል ምንም አይወጣም፣ እሱ ደግሞ ዝምታዬን በራሱ መንገድ ሰማው፣ እሺ፣ ይላል ቀስ ብሎ፣ እሺ ወንድሜ፣ ገባኝ፣ አንተ የምትችለውን አድርገሃል፣ ልጆቹን እኔ እነግራቸዋለሁ፣ የእኔ ሥራ ነው፣ መንገዱ በረዶ ነውና ስትመለስ ቀስ ብለህ ንዳ፣ አይ አይ አይ፣ ቨርጂል አይደለም፣ ወደቀ፣ የእነሱ ሐሳብ ወደቀ፣ አልተዘጋም፣ አንተ ደደብ አልተዘጋም! እጮኻለሁ፣ አንድ አብራሪ ሻንጣውን እየጎተተ ሲያልፍ ዞሮ ያየኛል፣ ይየኝ።

ምንጣፉ ብቻ ድብ ድብ ይላል። ቨርጂል፣ አለህ? አለሁ። ንገራቸዋ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ እላለሁ፣ ምኑን? ይላል፣ ምንም አያውቁም እኮ፣ ከመከር ጀምሮ ትንፍሽ አላልኩም፣ ፈርቶ የሚታገል ልጅ ይሰበራል፣ ታዲያ አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው፣ ሊዘጋ የነበረው አልተዘጋም ብዬ? አፍንጫውን ይምጋል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን፣ በየቀኑ እያያቸው፣ እያሳቃቸው፣ እኔ ቢያንስ ቢሮዬን ዘግቼ መቆዘም እችል ነበር፣ እሱ ግን እዚያው መሐላቸው፣ ቨርጂል ወንድሜ፣ እላለሁ፣ ተወኝ አሁን፣ ይላል።

ከኋላው የአንዱ ልጅ ድምፅ፣ እያለከለከ፣ አሠልጣኝ ኧረ በቃን፣ ምን አድርገንህ ነው ዛሬ የምትገድለን፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው፣ ሳቅ በሳቅ፣ ቨርጂል ስልኩን ከአፉ አራቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ፣ ለዘንድሮ እንዳይመስላችሁ፣ ይላቸዋል፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ ለሚመጣው ዓመት ነው፣ ተነሱ፣ ለሚመጣው ዓመት ነው የማለማምዳችሁ፣ እነሱም እንደ ቅጣት ሰምተውት፣ ውይ፣ ኧረ በፈጣሪ፣ ገና ለሚመጣው ዓመት፣ እያሉ ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ፣ እሰይ ያጉረምርሙ፣