ወንድ የሌለበት አስራ አንደኛ ክፍል

ዳይሬክተሩ ሱዩንቤክ ደወሉን ከቡሩል እጅ ወስዶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል ወደ ትምህርት ቤቱ ደረጃ መራመድ ጀመረ። ቡሩል ከኋላው ተከተለችው።

"አጋይ፣ ደወሉን ለምን ወሰዱት?" አለችው፤ በመንደሩ ወንድ መምህር "አጋይ" ይባላል።

"ለባለቤቱ ልሰጠው ነዋ።"

"የምትደውለው የአንደኛ ክፍሏ ቱማር ናት። የምሸከማት ደግሞ እኔ ነኝ።"

"አንቺ ሴት ልጅ ነሽ" አላት ሳይቆጣ፣ የረሳችውን ነገር እንደሚያስታውሳት ሁሉ። "የተሸካሚውን ጉዳይ ጨርሼዋለሁ። የእህቴ ልጅ ኤልዳር ከወረዳ ከተማ መጥቷል።"

በአክ-ቡላክ መንደር የትምህርት መክፈቻ ቀን የመጀመሪያውን ደወል ዘበኛ አይደውለውም። ከአስራ አንደኛ ክፍል አንድ ጠንካራ ወንድ ልጅ ይመረጥና ከአንደኛ ክፍል ትንሿን ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ግቢውን ይዞራል፤ እሷ ደወሉን እያቃጨለች፣ መንደሩ በሙሉ እያየ። የቡሩል አባት በጊዜው ተሸክሟል። ያኔ ትከሻው ላይ የነበረችው ልጅ ዛሬ የመንደሩ ነርስ ዙራካን ናት፤ መርፌ ልትወጋው በመጣች ቁጥር "ቀስ በይ፣ ትከሻዬ ላይ ያዞርኩሽ እኔ ነኝ እኮ" ይላታል።

ዘንድሮ ግን አስራ አንደኛ ክፍል ውስጥ አንድም ወንድ የለም። ዘጠነኛን እንደጨረሱ ከወንዶቹ ሦስቱ ዋና ከተማው ቢሽኬክ የሙያ ትምህርት ቤት ገቡ፣ አራቱ ሩሲያ ለግንባታ ሥራ ሄዱ። የቀሩት ስድስት ሴቶች ናቸው። መንደርተኛውም "ዘንድሮስ አስራ አንደኛ ክፍል የለንም" ማለት ጀምሮ ነበር። ቡሩልን ያንገበገባት ይህች አነጋገር ናት። ስድስት ሰው ቁጭ ብሎ እየተማረ እንዴት "የለንም" ይባላል?

ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ተራራ ላይ ነበረች፣ ከፈረሶቹ ጋር። በነሐሴ ወንዙ ድልድዩን ሲወስደው አባቷ መኪና ሊያሠራ ቁልቁል ወርዶ ማዶ ቀርቶባት፣ አስራ ስምንት ባዝራ ከነውርንጭሎቻቸው በላይኛው መሻገሪያ ብቻዋን አሻግራለች፤ የሰባት ዓመት ወንድሟን በቀበቶ ጀርባዋ ላይ አስራ። ውሃው እስከ ኮርቻው ደርሶ ነበር። ያን ቀን ከፈራች በኋላ ሌላ የሚያስፈራት ነገር እያነሰ መጣ። ከተራራ ስትወርድ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ፣ ድምጿ ጎልቶ ነበር፤ እናቷ "እዚህ ፈረስ የለም፣ አትጩሂብኝ" እስክትላት።

የጠበቃት ትምህርት ቤትም ሌላ ሆኗል። አዲሱ ዳይሬክተር የግቢውን በር ሰማያዊ አስቀብቷል፣ ስልክ ጠዋት ጠዋት ሳጥን ውስጥ እንዲገባ አዟል፣ ያረፈደ ተማሪ ይቆለፍበታል። ሰውየው ክፉ አይደለም። አራት ዓመት ያፈሰሰውን ጣሪያ በሦስት ሳምንት አሠርቷል፤ ጣሪያ ካሠራ ሰው ጋር ደግሞ መከራከር ከባድ ነው።

"ተይው ልጄ" አለች እናቷ፣ ከሰልፉ ጥግ ክንዷን ይዛ። "ከትምህርት ቢሮ እንግዳ ጠርቷል፣ ፎቶ ይነሣሉ። ደግሞስ ጣሪያውን ያሠራልን እሱ አይደል?"

"ለጣሪያው አመስግኜዋለሁ እማዬ። ይሄ ሌላ ነገር ነው።"

"ብትጥያትስ?"

"ወንዝ ውስጥ ያልጣልኩ ግቢ ውስጥ እጥላለሁ?"

እናቷ ክንዷን አልለቀቀችም። ቡሩል ራሷ ቀስ ብላ አላቀቀችው።

ኤልዳር ጥቁር ሱፍ ለብሶ ብቻውን ቆሟል። ረጅም ነው፣ ሱሪው ግን አጥሮታል።

"አስራ አንደኛ ነህ?" አለችው።

"አስረኛ። እኔ'ኮ አልፈለግኩም፣ አጎቴ ነው የጎተተኝ" አለ ወደ ዳይሬክተሩ እያየ። "ወገቤንም ያመኛል።"

"ታዲያ ለምን አትነግረውም?"

"አንቺ ነገርሽው፤ ምን ፈየደልሽ?"

እውነቱን ነበር። ቡሩል ወደ ሰልፏ ተመለሰች። ዳይሬክተሩ ድምጽ ማጉያውን ይዞ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ማንበብ ጀመረ፤ ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቡሩል ከሰልፍ ወጥታ ግቢውን አቋርጣ ሰማያዊው በር አጠገብ ከተሰለፉት ከአንደኛ ክፍሎቹ ፊት ተንበረከከች።

"ቱማር፣ ነይ ውጪ።"

ቱማር ነጭ ሪባኗ ከጭንቅላቷ የሚተልቅ ድብልብል ልጅ ናት። "ደወሉስ?"

"የለም። እንዲሁ እንዞራለን።"

"ደወል ሳይኖር ምን እሠራለሁ?"

"ሰው ታያለሽ። ከላይ ሁሉም ይታያል።"

ቱማር አሰበችበት። "ፀጉርሽን ልያዝ?"

"ያዢ።"

ቱማርን ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ ተነሣች። ልጅቷ ከገመተችው በላይ ትከብዳለች። የመጀመሪያዎቹን አስር እርምጃዎች በጸጥታ ሄዱ፤ የሚሰማው የዳይሬክተሩ ንባብ ብቻ ነበር፣ እሱም ተቋረጠ። "ቡሩል፣ ወደ ሰልፍሽ ተመለሺ" አለ በድምጽ ማጉያው፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው። አልተመለሰችም። አምስቱ የክፍሏ ልጆች ግን ሰልፋቸውን ትተው ከኋላዋ ገቡ። ወላጆች እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ "ምን ዓይነት ጉድ ነው" ማለት ሲጀምር ነርሷ ዙራካን እጇን አጨበጨበች፣ ብቻዋን፣ ሳታፍር። ቀጥሎ ሌላ ሰው። ከዚያ እናቷ።

የቢሮው እንግዳ ካሜራውን አንሥቶ ቡሩልን ተከተላት። ዳይሬክተሩ ይህን ሲያይ ወረቀቱን አጥፎ ከደረጃው በፍጥነት ወረደና፣ ቡሩል ዙሩን ጨርሳ የክፍሎቹ በር ጋ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ፊት ለፊቷ ቆመ። ፊቱ ቀልቷል። ደወሉን ከኪሱ አወጣ።

"እንኪ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንዴ ታቃጭልና ግቡ። ሰዓት ሄዷል።"

ቱማር ጎንበስ ብላ ደወሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ቡሩል አንገቷ ደንዝዟል፣ ትከሻዋ ይቃጠላል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ገብቶ ማረፍ ይቻላል። አምስቱ ልጆች ከኋላዋ ቆመው ይጠብቃሉ።

"ቱማር፣ ቆዪ፣ ገና እንዳትደውዪ" አለችና ፊቷን አዞረች።

"ወዴት ነው?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ወደ መነሻው፣ አጋይ። ደወሉ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ዙር ነው የሚደወለው።"

ግቢውን አቋርጣ ወደ ሰማያዊው በር ተመለሰች፤ አምስቱም ተከተሏት። እዚያ ደርሳ ልጅቷን ትከሻዋ ላይ አስተካከለቻት።

"አሁን" አለቻት።