ታምቡሩ እስኪላቀቅ

«ያንን መቁረጫ አስነሳና ጣትህን ከመሬት ትለቅማታለህ!»

እትዬ ምላጭ የልጅ ልጃቸውን በግራ ክንዳቸው አቅፈው፣ በቀኝ እጃቸው የአሮጌዋን መኪና ኮፈን ተደግፈው ቆመዋል። ብረት ገዢው የመቁረጫውን ገመድ እንደያዘ ምን ላድርግ በሚል ዓይን ወደ ልጃቸው ዞረ። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት ቤቱ እየሮጠ ሲመጣ ሜትሩን ከአንገቱ እንኳ አላወረደም።

«እማዬ፣ ትናንት ተስማምተን አልነበረም?»

«የተስማማሁት ተጎትታ ትወጣለች ስትለኝ ነው። በቁሟ ትበለታለች መቼ አልከኝ?»

«አልወጣ አለቻ! አራት ሆነን ገፋናት፣ ንቅንቅ አላለችም። የኋላ ጎማዎቿ ከነአካቴው ተጣብቀዋል። ቦታው ዛሬ ካልተለቀቀ ደግሞ ግንበኛው ነገ ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል።»

የልጁ ነገር ሐሰት አልነበረም። እሱና ሚስቱ ከነሕፃናቸው በአንዲት ክፍል ተጣበው ነው የሚኖሩት። ለሁለተኛ ክፍል የሚሆን ቦታ ያለው ደግሞ መኪናዋ በቆመችበት ዳስ ሥር ብቻ ነው። ቢሆንም መኪናዋ የሟች ባላቸው ናት። ሰውየው ሰው እያመላለሰባት ይህን ቤት ሠርቶባታል፣ ይህን ልብስ ሰፊም አሳድጎባታል። ከሞተ ወዲህ ማንም ነድቷት አያውቅም፤ እትዬ ምላጭ ግን አንድም ሳምንት ሳያጥቧት አልቀሩም። ጎረቤት በመስታወቷ ፊቱን እያየ ያልፋል።

እትዬ ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣላቸው መንደሩ ነው፤ ምላሳቸው ደም ሳያወጣ ይቆርጣል ብሎ። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። ደንዞ ከመኖር ተስሎ መኖር ይሻላል ባይ ናቸው።

በዚህ መሐል ምራታቸው የባሏን አሮጌ ሱሪ ለብሳ፣ በጆንያ የታሰረ ዕቃ እየጎተተች ከክፍሏ ብቅ አለች። ያደገችው በአባቷ ጋራዥ ነው። ልጃቸው ሊያገባት ሲል እትዬ ምላጭ «ሚስት ነው የምታመጣልኝ ወይስ መካኒክ?» ብለው ነበር። ንግግሩ ለልጅቷ ደርሷታል። አንድም ቀን አንስታው አታውቅም፤ ጆንያውንም አንድም ቀን ፈትታው አታውቅም።

«ወንድሜ፣ ሌላ የምትጭነው ብረት አጥተህ ነው?» አለችው ብረት ገዢውን። «ዞር ዞር በልና ከሰዓት ተመለስ። ያን ጊዜ ካልተንከባለለች ቁረጣት።»

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ እትዬ ምላጭ።

«እኔ ነኝ ያልኩት፣ እማማ። ካቃተኝ ራሴ መቁረጫውን እይዝለታለሁ።»

ድፍረቷ አናደዳቸው። ደስም አላቸው፤ ደስታውን ግን ዋጡት።

ምራቲቱ በፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሸጎጠች፣ ገብታም የእጅ ፍሬኑን ለቀቀችው። ዘንጉ ወረደ፤ ጎማዎቹ ግን አልሰሙም።

«እስከ ጥግ ተስቦ ነው የቆመው» አለች።

«ባሌ ያቆመው ነገር ከቆመበት ሄዶ አያውቅም!» አሉ አማቲቱ በኩራት።

«እሱማ ይኸው። ከጎማው በስተጀርባ ከበሮ የመሰለ ብረት አለ፣ ታምቡር ይባላል። ፍሬን ሲያዝ ውስጥ ያለው ሸራ የሚሉት መያዣ ተለጥጦ ታምቡሩን ይጨብጠዋል። እንደተጨባበጡ ኖሩ፣ ዝገት አጣበቃቸው።»

«ዝገት ከየት መጥቶ?» አለ ባሏ። «ዳሱ እንኳን ዝናብ ጤዛም አያስገባ።»

ምራቲቱ ግድግዳው ላይ የተጠመጠመውን የውሃ ጎማ አየችና መልሳ ወደ ጎማዎቹ ዞረች።

«ምነው አፍሽ ተለጎመ?» አሉ እትዬ ምላጭ።

«እማማ፣ ሲያጥቧት እግሯንም ነው?»

«ታዲያ ፊቷን ብቻ አብሼ ልተዋት? እግሯንማ ውሃውን ወደ ውስጥ እየሰደድኩ ነው ሙልጭ አድርጌ የማጥባት!»

«ውሃው ነው ያጣበቃት፣ እማማ። ታጥባ ብትነዳ ፍሬኑ ሲሞቅ ይደርቅ ነበር። እሷ ግን ታጥባ ትቆማለች።»

ልጃቸው ሳቁን በሜትሩ ጫፍ ሸፈነ። እትዬ ምላጭ ቀና ብለው የውሃውን ጎማ አዩት። እንደ ሬሳ እንዳትሸት ብለው ያጠቧትን በገዛ እጃቸው ሲገንዟት ኖረዋል። ሕፃኑን ከግራ ክንዳቸው ወደ ቀኝ አዛወሩና «በይ ሥሪ፣ ወሬ ጎማ አያዞርም» አሉ።

መኪናዋ በክሪክ ተነሣች፣ የኋላ ጎማዎቿም ወለቁ። ልጅቷ በታምቡሩ ዙሪያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አንጠባጠበች፤ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ቁጭ አለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ባሏ።

«ዘይቱ መንገዱን እስኪያገኝ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ» አለ ልጅየው።

«እንቁላሉስ ይሄዳል» አሉ እናቱ፣ «የዚች ጎማ ነው እንጂ የሚያጠራጥረኝ።»

ከዚያ ልጅቷ መዶሻዋን አነሣች። እትዬ ምላጭ የሚሠራ እጅና የሚያስመስል እጅ ለመለየት ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለጋቸውም። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ አጥበው፣ ቀጥቅጠው ነው የኖሩት፤ እጅ ያውቃሉ። ልጅቷ እንደተናደደ ሰው አትመታም። ታምቡሩን ፊቱ ላይ ትመታና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ደግሞ ትመታለች። መጀመሪያ ድምፁ እርጥብ ግንድ እንደመምታት ድፍን ያለ ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ውስጡ አየር የገባበት ያህል መጥራት ጀመረ። የቀኙ ታምቡር አንዴ ተንቀጠቀጠና እንደ ድስት ክዳን ወደ እጇ መጣላት።

«እሰይ!» አሉ እትዬ ምላጭ ሳያስቡት። ወዲያውም ሕፃኑን እንዳሞገሱ ሁሉ ጉንጩን ሳሙት።

የግራው ግን የሟቹ ወገን ነበር፣ የያዘውን አይለቅም። ልጅቷ መታችው፣ ዘይት ጨመረች፣ መታችው። ድምፁ ድፍን እንዳለ ቀረ። ባሏ ትዕግሥቱ አለቀና ትልቁን መዶሻ አነሣ።

«ወዲያ በል!» ጮኸች ሚስቱ። «ጠርዙን ከመታኸው ይሰነጠቃል!»

«ስማት እንጂ!» አሉ እናቱ። «የተቀደደ ጨርቅ ትሰፋለህ፤ የተሰነጠቀ ብረት ማን ይሰፋልሃል? ና ይልቅ ልጅህን ያዝ።»

ሕፃኑን አስታቀፉትና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከምራታቸው ጎን በርከክ አሉ።

«ምን ልያዝልሽ?»

ልጅቷ ለአፍታ አየቻቸውና ከጆንያው የእጅ መብራት አውጥታ ሰጠቻቸው። «መብራቱን፣ እማማ። እዚህች ቀዳዳ ላይ ያብሩልኝ።»

በታምቡሩ ጀርባ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ አለች። ልጅቷ በዚያች ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብታ ሸራውን የሚለጥጠውን ጥርሳም ብረት ወደ ኋላ ታዞር ጀመር። ብረቱን አታየውም፤ በካቻቢቴው ጫፍ ነው የምትዳስሰው። ትንሽ ይዞራል፣ ያመልጣታል፣ እንደገና ትፈልገዋለች። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ሲንጠባጠብ እትዬ ምላጭ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላት። ለመጥረግ ሲሉ መብራቱ ተዛነፈ።

«መብራቱን!» አለች ልጅቷ ቆጣ ብላ።

በሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ ይፈርስ ነበር። እትዬ ምላጭ ግን መብራቱን አቀኑ።

የብረት ገዢው መኪና በር ላይ ሲቆም ተሰማ። ሰውየው ገብቶ ከመኪናዋ ጎን ቆመ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መሸብኝ» አለ።

«ፀሐይዋን አንተ ነህ የምትነዳት? ቁጭ በል!» አሉት ዞር ሳይሉ።

ልጅቷ ከጆንያው ሁለት ቡሎን አወጣችና በታምቡሩ ፊት ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች አስገባቻቸው። አንዱን ትንሽ ታጠብቃለች፣ ወደ ሌላው ታልፋለች፣ ትመለሳለች። ቡሎኖቹ ከኋላ ያለውን ብረት እየገፉ ታምቡሩን ወደ ውጭ ያስወጡታል፤ አንዱ ከሌላው ከቀደመ ግን ተዛንፎ ይነክሳል። እትዬ ምላጭ መብራቱን አስጠጉ። ልጅቷ ሁለት ባላጋራ ጎረቤት የምታስታርቅ ሽማግሌ ትመስላለች፣ ለአንዱም አታዳላም።

ጧ!

እትዬ ምላጭ የተሰነጠቀ መሰላቸው። ታምቡሩ ግን ምንም ሳይሆን ዘፍ ብሎ ልጅቷ ጭን ላይ ወደቀ፤ ቀይ ትቢያም ቡን አለ።

«አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ እማማ! የሸራው ብናኝ ሳንባ ይበላል።»

ሻሻቸውን አውልቀው ግማሹን በራሳቸው፣ ግማሹን በምራታቸው አፍ ላይ ያዙ። በሻሹ ውስጥ ሆነው ብረት ገዢውን ገላመጡት።

«አየሃት? ምራቴ ናት» አሉት፣ ራሳቸው መዶሻ አስይዘው ያሳደጓት ይመስል።

ልጅቷ ትቢያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰች። ጎማው ሲገባ በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ዞረ። ማንም ሳይነካው ደግሞ ዞረ። ሕፃኑ እየሳቀ እጁን ዘረጋለት።

ክሪኩ ወረደ፣ ድንጋዩም ተነሣ። ልጅቷ መሪ ያዘች። ባሏ ሕፃኑን ለእትዬ ምላጭ መልሶ ከኋላ ትከሻውን ሰጠ፤ ሊቆርጣት የመጣው ሰውም መቁረጫውን አስቀምጦ አብሮት ገፋ። መኪናዋ አንዴ አቃሰተችና ከዳሱ ሥር ወደ ፀሐይ ወጣች።

«ፍሬኗ ገና አይታመንም፣ ድንጋይ አዘጋጁ!» አለች ልጅቷ በመስኮት። «ወዴት ልያዝ?»

«ወደ ጓሮ» አለ ባሏ እያለከለከ። «ከቤቱ ጀርባ ጥግ ትያዝ።»

«ጓሮ?» አሉ እትዬ ምላጭ። «አልሸሹም ዞር አሉ! መንገድ ላይ አቁሟት።»

«እማዬ፣ መንገዱ ጠባብ ነው እኮ! የቆሻሻ መኪና ባለፈ ቁጥር ልናንቀሳቅሳት ነው።»

«እኮ! ትንቀሳቀስ! አንቺ ልጅ፣ ሞተሯስ ይነሣል?»

«ገና አላየሁትም፣ እማማ። አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ...»

«ነገ እይው። ልጁ እኔ ጋ ይውላል።»

ሕፃኑን በወገባቸው አስተካክለው ወደ ትልቁ በር ሄዱና የዛገውን መቀርቀሪያ በነፃው እጃቸው ይጎትቱ ጀመር።

«ተይው እማዬ፣ እኔ ልክፈተው» አለ ልጃቸው።

«አንተ ግፋ!» አሉት።